የድምቡሼ ጉንጉን

የደንበኛው ግራ ጉንጭ ተላጭቶ ቀኙ ገና በአረፋ እንደተሸፈነ፣ ፀጉር አስተካካዩ የታችኛውን መሳቢያ መዝዞ ወለሉ ላይ ዘረገፈው። መሳቢያውን የከፈተው አዲስ ምላጭ ሊያወጣ ነበር። አሁን ግን ምላጩን ረስቶ፣ በጉልበቱ ተንበርክኮ፣ ማበጠሪያውንና የተበላሸ ቶንዶዙን፣ ያለቁ የሽቶ ጠርሙሶችንና የዶለዶሙ መቀሶችን ወዲያና ወዲህ ይበታትናል። በመጨረሻ ከሥር የነበረችውን ነጭ ፎጣ አነሳ። ፎጣዋ እንደ ወትሮው በወጉ ታጥፋለች። ዘረጋት፣ አራገፋት፣ ገለበጣት። ባዶ ናት።

«ምን ጠፋህ?» አለ ደንበኛው፣ አንገቱን ሳያንቀሳቅስ በመስታወቱ ውስጥ እያየው። ጡረታ የወጣ የሂሳብ መምህር ነው፤ ጥያቄ ሳይመለስለት እንቅልፍ አይወስደውም።

«ምንም፣ ጋሼ።»

«ምንም ያልጠፋው ሰው እንዲህ መሬት አይልስም። ገንዘብ ነው?»

«አይደለም።»

«እንግዲያው መጀመሪያ ቀኝ ጉንጬን ጨርስልኝ። እንዲህ ሆኜ ብወጣ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ መጫወቻ ያደርገኛል።»

ጨረሰለት። እጁ በልማድ ነበር የሚሄደው። ሃያ ዓመት ሙሉ የሰው ፊት ያላደማው ሰውዬ፣ መምህሩን ከጆሮው ሥር ቧጨረው። መምህሩ በሌላ ቀን ቢሆን ሰማይ ምድሩን በቀላቀለው ነበር። ዛሬ ግን የደሙን ነጥብ በጣቱ ጠረገና የሰውየውን ፊት አየት አድርጎ፣ «አይዞህ» ብሎ ወጣ። የዚያን ቤት ኀዘን የማያውቅ ሰው በሰፈሩ የለም።

የጠፋው የልጁ ፀጉር ነው። አንድ ጉንጉን፣ ጫፉ በቀይ ላስቲክ የታሰረ፣ ከመዳፍ ትንሽ የሚረዝም። ልጅቷን ሰው ሁሉ ድምቡሼ ነበር የሚላት፤ ሕፃን ሳለች ጉንጮቿ ዓይኗን ሊውጡት ምንም አይቀራቸውም ነበር። የደም ካንሰር ይዟት መክሳት ስትጀምር ሰዉ ያንን ስም መጥራት አፈረ። አባቷ ግን እስከ መጨረሻው አልተወውም። መድኃኒቱ ፀጉሯን ከማርገፉ በፊት፣ የሆስፒታሉ አልጋ ላይ ቁጭ ብላ፣ «አባዬ፣ አንተ ቁረጠው፤ ሌላ ሰው እንዳይነካኝ» ስላለችው በገዛ መቀሱ ቆረጠላት።

ከሞተች ስምንት ወር ሆኗታል። ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ፣ ደንበኛ ከመምጣቱ በፊት፣ የሱቁን በር ገርበብ አድርጎ ፎጣዋን ይዘረጋል። ጉንጉኑን ጭኑ ላይ አድርጎ ያለቅሳል። ከዚያ ፊቱን ታጥቦ በሩን ይከፍትና እንደማንኛውም ፀጉር አስተካካይ ስለ ኳስና ስለ ኑሮ ውድነት ያወራል። ማታ ቤቱ ሲገባ ዓይኑ ደረቅ ነው። እሱ እንደሚያስበው ይህን ሁሉ የሚያደርገው ለሚስቱ ሲል ነው። ዛሬ መምህሩ በር ላይ ቆሞ ስለጠበቀው ነው ፎጣዋን ሳያያት የቀረው።

ሌላው የሱቁ ቁልፍ ያለው ሚስቱ እጅ ነው። ትናንት ማታ ራሱን አሞት ቀድሞ ወደ ቤት ሲሄድ ወለሉን ጠርጋ የዘጋችው እሷ ናት። ይህን ሲያስታውስ የለበሰውን ነጭ ጋዋን እንኳ ሳያወልቅ ሱቁን ቆልፎ ወጣ። ዛሬ ረቡዕ ነው፤ የት እንደምትገኝ ያውቃል።

ረቡዕ ረቡዕ ጤና ጣቢያ ናት። ልጅቷ ከሞተች በኋላ ምግብም እንቅልፍም እምቢ ብሏት ስትመነምን ነርሷ ኪኒን አዘዘችላትና፣ «ከጓሮ ባለው ክፍል ሸክላ የሚሠሩ ሰዎች አሉ፤ አንቺን የመሰለ የከፋው፣ የታመመ፣ ሰው የራቀው ሁሉ ይመጣል። ከእነሱ ጋር ተቀመጪ» አለቻት። ባልየው ሲሰማ፣ «ከመቼ ወዲህ ነው ጭቃ መድኃኒት የሆነው?» ብሎ ሳቀ። ሚስቱ ግን ሄደች። ከጊዜ በኋላ ሌሊት አተነፋፈሷን ይሰማ ጀመር፤ እንቅልፍ ወስዷት። ደስ ሊለው ይገባ ነበር፤ ደስም ብሎታል። ግን ጥፍሯ ሥር ጭቃ ይዛ ገብታ አንዲት ቃል ሳትተነፍስለት ስትተኛ ቅር ይለዋል። እሱ ሊያደርግላት ያልቻለውን ጭቃ አደረገላት።

የጤና ጣቢያውን ግቢ አልፎ ወደ ጓሮ ሲዞር ሳቋን ሰማው። መጀመሪያ የሌላ ሴት መሰለው። ቆሞ አዳመጠ። የእሷው ነው፤ መሃል ላይ ትንፋሽ የሚያጥራት፣ መጨረሻው ላይ የምታስለው ሳቅ። በእነሱ ቤት ይህ ሳቅ ከተሰማ ስንት ጊዜው! ልቡ ስፍስፍ አለ፣ ወዲያው ደግሞ ተቆጣ። ልጁን ቀብሮ በሰው ሳቅ የሚቀና ሰው ሆኖ ራሱን አገኘው፤ አፈረም፣ ግን መቅናቱን አላቆመም።

ክፍሉ ድሮ ዕቃ ግምጃ ቤት ነበር። ረጃጅም ጠረጴዛዎቹ ላይ ላስቲክ ተነጥፏል። ግድግዳው መደርደሪያ በመደርደሪያ ነው፤ የተጣመሙ ስኒዎች፣ አንገታቸው የተሰበረ ወፎች፣ ምን እንደሆኑ ሠሪያቸው ብቻ የሚያውቃቸው ነገሮች ተደርድረውበታል። ሰባት ስምንት ሰዎች እጅጌያቸውን ሰብስበው ተቀምጠዋል። መሃላቸው ግማሽ ጎኑን ስትሮክ የመታው ሽማግሌ አለ። በዕድሜው ሙሉ ሲጋራ አጭሶ አያውቅም፣ ነገር ግን ጤነኛ የሆነው እጁ ከመተርኮሻ ሌላ ቅርጽ ስለማይወጣለት በየሳምንቱ መተርኮሻ ይሠራል።

«ይሄኛው ሰፋብዎት እኮ ጋሼ፣» ትላለች ሚስቱ እየሳቀች፤ «መተርኮሻ ነው ኮፍያ?»

«አጫሽ ካጣሁ ደፍቼው እሄዳለሁ፣ ልጄ። ፀሐይ ይከላከልልኛል» አለ ሽማግሌው ከተጣመመው አፉ ቃሉን እየጎተተ።

ባሏ በሩ ላይ መቆሙን ስታይ ሳቋ ተቋረጠ። ፊት ለፊቷ፣ ሁለት መዳፎቿ መሃል፣ የብርቱካን ሁለት እጥፍ የሚያህል ድቡልቡል ሸክላ አለ። አፍ የለውም፣ ክዳን የለውም፣ ዙሪያውን ድፍን ነው። በረጠበ ጣቷ መጋጠሚያውን እያለሰለሰች ነበር።

«ምን ሆንክ? ሱቁን ለማን ትተህ ነው?»

«የት ነው?» አላት።

ምኑ እንደሆነ አልጠየቀችውም። ዓይኗን ወደ መዳፎቿ መለሰች። «እዚህ ውስጥ ነው» አለች።

ሽማግሌው በደህና እጁ ምርኩዙን አነሳ። «በሉ፣ እጃችንን እንታጠብ» አለ፣ ማንም እጁን የሚታጠብበት ሰዓት ሳይደርስ። ሁሉም ወንበር ሳያንኳኩ ተነሥተው ወደ በረንዳው ወጡ። የቀረችው ሥራውን የምታስተምረው ሴትዮ ብቻ ናት፤ ባለሸክላዋ ይሏታል። እሷም ልትወጣ ስትል ሚስቱ፣ «አንቺ ቆይልኝ» አለቻት።

«ሳትነግሪኝ!» አለ ፀጉር አስተካካዩ። ድምፁን ዝቅ ለማድረግ ቢሞክርም አልሆነለትም። «መሳቢያዬን ከፍተሽ፣ ሳትነግሪኝ! ያንቺ ብቻ ልጅ ናት?»

«ያንተ ብቻ ናት?» አለችው። «እኔ ቤቱ ውስጥ ያልፈተሽኩት ቦታ አለ? ፍራሹን ገልብጫለሁ። የሆስፒታል ሻንጣዋን ስንቴ ነው ያራገፍኩት። እዚያው ጥለውት ነው ብዬ ተስፋ ቆርጬ ተውኩት። ትናንት ስጠርግ መሳቢያው አልዘጋ ቢለኝ ስከፍተው… ከቶንዶዝ ጋር! ከአሮጌ መቀስ ጋር! አንተ ይዘኸው ዝም ትለኛለህ?»

«እንዳላስለቅስሽ ብዬ ነው።»

«እኔ ለማልቀስ ያንተን ፈቃድ ነው የምጠብቀው?»

ፊት ለፊቷ ያለው ወንበር ላይ ተቀመጠ፣ ማንም ተቀመጥ ሳይለው። ባለሸክላዋ እጇን በጨርቅ እየጠረገች ራቅ ብላ ቆማለች፤ በሰው ጠብ መሃል መገኘት እንደማይወድ ሰው መስኮት መስኮቱን ታያለች።

«ይሄ ደግሞ ምኑ ነው?» አለ ወደ ድቡልቡሉ እየጠቆመ። «ለምን ጭቃ ውስጥ?»

«ጭቃ ሆኖ አይቀርም። እሳት ሲገባ ድንጋይ ይሆናል። እኔና አንተ ካለፍንም በኋላ መቶ ዓመት ይኖራል ብላኛለች።» አገጯን ወደ ባለሸክላዋ ቀና አደረገች። «የማይሞት ነገር እንዲኖራት ፈልጌ ነው።»

ሰውየው የፀጉር ሰው ነው። እሳት ፀጉርን ምን እንደሚያደርገው፣ ሽታው እንዴት አፍንጫ ላይ እንደሚቀር ከማንም በላይ ያውቃል።

«ፀጉሩስ?» አለ ወደ ባለሸክላዋ ዞሮ።

«ይቃጠላል፣ ወንድሜ። ውስጡ አመድ ሆኖ ይቀራል። ነግሬያታለሁ።»

«ይቃጠል» አለች ሚስቱ። «አመዱ እዚያው ከእሷ ጋር ይኖራል።»

«እኔ መቶ ዓመት ምን ያደርግልኛል?» አለ ፀጉር አስተካካዩ። «ጠዋት ጠዋት ላየው ነው የምፈልገው። ሱቁን ከመክፈቴ በፊት አወጣዋለሁ። አንዳንድ ቀን ዝም ብዬ ይዤው እቀመጣለሁ። አብዛኛውን ቀን…» ቀሪውን ቃል ዋጠው።

«አብዛኛውን ቀን ምን?»

«አለቅሳለሁ፣ ምን አደርጋለሁ!»

ሚስቱ መዳፎቿን ከሸክላው ላይ አነሳች። ትክ ብላ አየችው። እነዚህን ወራት ሁሉ፣ ማታ ማታ ራቱን በልቶ ጀርባውን ሰጥቷት ሲተኛ፣ ይህ ሰውዬ ልጁን ረሳት እያለች በልቧ ስታማው ኖራለች። እንደዚያ ማሰቧ ከልጅቷ ሞት ቀጥሎ የጎዳት ነገር ነበር። እሱም በተራው፣ ለካ እዚህ እየመጣች ነው የምትስቀው ብሎ የቀናበት ሳቅ ምን ያህል እንባ አልፎ የመጣ እንደሆነ አያውቅም። ሁለቱም አንዱ ለሌላው ሲጠነቀቁ ለየብቻ አለቀሱ።

ድቡልቡሉን በሁለት ጣቶቿ ወደ እሱ ገፋ አደረገችው። «ገና እርጥብ ነው» አለች። «ክፈተው። ውሰዳት።»

ጠረጴዛው ላይ ሸክላ የሚቆርጡበት ቀጭን ሽቦ አለ። ፀጉር አስተካካዩ አነሳው። መጋጠሚያው ላይ ቢያሳልፈው ሸክላው ለሁለት ይከፈላል፣ ጉንጉኑም ይወጣል። ቀላል ነው። ሸክላውን ወደ ራሱ ሲስበው ግን ልስላሴው ላይ የሚስቱ ጣቶች ታትመውበት አየ፤ አውራ ጣቷ፣ ሌባ ጣቷ፣ አንዱ በአንዱ ላይ፣ ዙሪያውን ሁሉ። እንዲህ በጥንቃቄ ስትዳስስ ያያት ልጅቷን ስታጥብ ነበር። ሽቦውን ይዞ ቀረ።

ባለሸክላዋ ቀረብ አለች። ጥሩ ሴት ናት፤ ከሰዎች መሃል ገብታ የማስማማት ልማድ ግን አለባት።

«ስሙኝማ። የሚያጣላ ነገር የለውም። እሷ እሳት ይግባልኝ ብላለች፤ አንተም ብታስብበት ቤትህ የሚቀመጥ ነገር ይኖርሃል። የቀረን አንዲት ነገር ናት። ድፍኑን ማስገባት አልችልም። ውስጡ የታፈነው እርጥበት መውጫ ካጣ እሳት ውስጥ ይፈነዳል። ሸክላዋ ብቻ ብትሆን ምንም አልነበረ፤ አጠገቧ ያለውን የሰው ሥራ ሁሉ ይዛ ነው የምትሄደው። ስለዚህ ሳይደርቅ ዛሬውኑ መበሳት አለበት። ከጠዋት ጀምሮ እምቢ ብላኛለች፤ እስቲ አንተ አስረዳት።»

ይህን ብላ ከልብሷ አንገትጌ ላይ የሰካቻትን ረጅም መርፌ ነቀለች።

ሚስትየዋ ከወንበሯ ብድግ ብላ በሁለት እጇ ሸክላውን ሸፈነችው። «መርፌ አይነካትም!»

«እናት ዓለም፣ ከሥሯ ነው የምበሳት፤ እኮ አይታይም።»

«አይነካትም አልኩሽ። በቃት። ያልተወጋችበት ቦታ ነበራት? እጇ ሲያልቅ እግሯን፣ እግሯ ሲያልቅ አንገቷን…»

«አንዲት ናት» አለች ባለሸክላዋ በለሰለሰ ድምፅ፤ «አንዴ ብቻ፣ ከዚያ በኋላ የለም።»

ፀጉር አስተካካዩ ቀና አለ።

ይህችን ቃል ያውቃታል። የእሱ ቃል ናት። የሆስፒታሉ ነርስ መርፌ ይዛ በገባች ቁጥር ሚስቱ መቆም አቅቷት ወደ ኮሪደሩ ትወጣ ነበር፤ የልጅቷን ክንድ የሚይዘው እሱ ነበር። ድምቡሼ በእነዚያ ትልልቅ ዓይኖቿ ታየውና፣ «አባዬ፣ ከዚህ ሌላ አለ?» ትለዋለች። «አንዲት ናት፤ ከዚያ በኋላ የለም» ይላታል። ከሰዓት በኋላ ሌላ ይመጣል። እንደገና ትጠይቀዋለች፤ እንደገና እንደዚያው ይላታል። መጨረሻ ላይ መጠየቋን ተወች። ክንዷን ራሷ ትዘረጋለት ነበር፣ እሱን ከመዋሸት ልትገላግለው ብላ። በሕይወቱ ሙሉ እንደዚያ ያለ ቅጣት አልተቀጣም።

ሽቦውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

«አይበሳም» አለ።

«እንግዲያው እሳት ላስገባው አልችልም፣ ወንድሜ።»

«አይግባ።»

«ጥሬ ሆኖ ቀረ ማለት እኮ ነው!» ባለሸክላዋ ያልገባቸው መሰላት። «ጥሬ ሸክላ ዕድሜ የለውም። ቢወድቅ ይፈረፈራል። ውሃ ከነካው ጭቃ ነው። አንድ ቀን ከእጃችሁ…»

«ገብቶናል» አለች ሚስትየዋ።

ገብቷቸዋል። እሷ መቶ ዓመቷን አጣች። እሱም ጉንጉኑን ሁለተኛ አያየውም፤ ጠዋት ጠዋት ጭኑ ላይ የሚያኖረው ነገር የለውም። የቀራቸው ማንም ያልከፈተው፣ ማንም ያልወጋው፣ ለመፍረስ አንዲት ቸልታ ብቻ የምትበቃው ጥሬ ሸክላ ነው። ፀጉር አስተካካዩ እጁን ልኮ ሚስቱ እጅ ላይ ጫነው፤ የእሷ እጅ ሸክላው ላይ ነበር። ባለሸክላዋ መርፌዋን አንገትጌዋ ላይ መልሳ ሰካች።

ዝናብ ጣሪያውን መደብደብ ሲጀምር በረንዳ ላይ የቆሙት ሰዎች እየተጋፉ ገቡ። ሽማግሌው ከጠቡ ምን እንደተረፈ ለማወቅ ሁለቱን አየና፣ አንድ ላይ የተደራረቡ እጆቻቸውን ሲያይ ምርኩዙን ወለሉ ላይ መታ አደረገ። ሴቶቹ ሥራቸውን መደርደሪያ ላይ አኖሩ፣ ጠረጴዛውን ወለወሉ፣ ጃንጥላ ያለው የሌለውን አስጠግቶ አንድ በአንድ ወጡ። ሚስቱን ሲያልፉ ትከሻዋን ነካ ያደርጓታል። አንዷ የእሱንም ነካች፤ ፀጉር አስተካካዩ ይህችን ሴት በሕይወቱ አይቷት አያውቅም።

ዝናቡ ይብስ እንደሆነ እንጂ የሚያቆም አይመስልም። ባለሸክላዋ መስኮቶቹን ዘጋግታ ሳጥኗን ስትበረብር ቆየችና አንድ ትልቅ ፌስታል አራግፋ አመጣችላቸው።

«በዚህ ጥብቅ አድርጋችሁ ጠቅልሏትና እስከ ታክሲው ሩጡ። ጠብታ አይነካትም።»

ሚስቱ ፌስታሉን ተቀብላ አፉን ከፈተችለት። ፀጉር አስተካካዩ ድቡልቡሉን አንሥቶ ሊያስገባ እጁን ሰደደ፤ ከዚያ ወደ ኋላ መለሰው።

«ድምቡሼን ፌስታል ውስጥ አልከታትም» አለ።

ስሟን በእናቷ ፊት ሲጠራ ከቀብሩ ወዲህ የመጀመሪያው ነው። በዚያ ነጭ ጋዋኑ፣ ባለሸክላዋም እያየችው፣ ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ። ሚስቱ አላባበለችውም። ፌስታሉን አጣጥፋ ጠረጴዛው ላይ አኖረችና ጭቃ በያዘው እጇ ፊቱን ጠረገችለት፤ ጭቃው ጉንጩ ላይ ተላከከ።

«ሱቁስ?» አለችው። «ሰው ይጠብቅሃል እኮ።»

«ይጠብቅ።»

«ዝናቡ እኮ እስኪመሽ ላያባራ ይችላል።»

«ይምሽ» አለና ወንበሩን ወደ እሷ አስጠግቶ፣ ሸክላውን በሁለት እጁ ጭኑ ላይ ይዞ ተቀመጠ።

ባለሸክላዋ የክፍሉን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አኖረችላቸው። ስትወጡ ለዘበኛው ስጡልኝ አለች።